የዐይን ድርቀትና የሕክምናው ታሪክ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ

መግቢያ

የጎንደርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዐፄ ፋሲል ግንብ ነው። ከተማዪቱ በ1636 እንደ ተቈረቈረች፥ ነገሥታቱ በተከታታይ ቤተ መንግሥት እንዳሠሩባት፥ የሊቃውንቷም ጉባኤ በመላው አገር ስመ ጥር እንደ ነበረ ይነግሩናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ግንብ ሥር የኖረው ሕዝብ በምን በሽታ ይሠቃይ እንደ ነበር፥ ሲታመምስ ምን ያደርግ እንደ ነበር የጻፉልን ጥቂቶች ናቸው። እኛም በዚህ አጭር ጥናት ከዚያ ሰፊ ጉዳይ አንዱን ክፍል ብቻ ለይተን ልንመረምር አስበናል፤ እርሱም የዐይን ድርቀት ነው።

ይህን ጉዳይ እንድንመርጥ ያደረጉን ሁለት ምክንያቶች ናቸው። የመጀመሪያው በዓለም ላይ ያሉ ሐኪሞች ጽኑ የዐይን ድርቀትን ከበሽተኛው ከራሱ ደም በሚወጣ ጠብታ ማከም መጀመራቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ አዲስ ሕክምና በአገራችን ሲነገር የሚነሣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ለጎንደርና ለደጋው ሕዝብ ይበጃልን? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚቻለው በሽታው በዚህ አገር ከየት እንደ መጣ በታሪክ መንገድ ሲታወቅ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስብልን እንለምናለን።

ዕንባ ምን ሥራ ይሠራል?

ብዙ ሰው ዕንባን የሚያስበው ከኀዘን ጋር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሳያለቅስም በየደቂቃው ዐይኑን ባርገበገበ ቍጥር ስስ የዕንባ ሽፋን በብሌኑ ላይ ይዘረጋል። ይህ ሽፋን ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። አንደኛው በዐይን ቆብ ጠርዝ ካሉት ጥቃቅን ዕጢዎች የሚመነጭ ቅባት ሲሆን፥ ውኃው በነፋስና በፀሐይ ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ሁለተኛው ከዕንባ ዕጢ የሚመጣው ውኃ ነው፤ በእርሱም ውስጥ ተሐዋስያንን የሚገድሉ ነገሮች ይገኛሉ። ሦስተኛው የዐይንን ነጭ ክፍልና የቆቡን ውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ቆዳ የሚወጣ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ሥራውም ውኃው በብሌኑ ላይ ተጣብቆ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሽፋኑ ይቀደዳል፥ ዐይንም ይደርቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የብሌን ፊት የደም ሥር የለውም። የደም ሥር ቢኖረው ኖሮ ብርሃን በደኅና ባላለፈበትም ነበር። ስለዚህ ፊተኛው ሽፋኑ የሚያስፈልገውን ነገር አብዛኛውን የሚያገኘው ከዕንባ ነው። ለሌላው የሰውነት ክፍል ደም የሚያደርገውን ለኮርኒያ ዕንባ ያደርግለታል ማለት ይቻላል። ወደ ኋላ የምንናገርለት የሴረም ሕክምና የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

የደረቀ ዐይን ሕመምተኛ አሸዋ የገባበት ያህል ይቈረቍረዋል፤ ይቃጠላል፥ ይቀላል፥ ብርሃንም ይፈራል። የሚያስገርመው ግን የደረቀ ዐይን ብዙ ጊዜ የሚያነባ መሆኑ ነው። ብሌኑ ሲቈስል የዕንባው ዕጢ ተቈጥቶ ውኃ በድንገት ያፈሳል፤ ያም ውኃ ቅባትና ዝልግልግ ስለሌለው ሳይቆይ በጕንጭ ላይ ይወርዳል። እንግዲህ ዐይኔ ያነባብኛል ብሎ ወደ ሐኪም የመጣው ሰው ዐይንህ ደርቋል ቢባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ይህን በሽታ ለመለካት ኦቶ ሺርመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1903 ቀላል ዘዴ አወጣ። 5 ሚሊሜትር ስፋትና 35 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት የውኃ መጣጭ ወረቀት በታችኛው የዐይን ቆብ ውስጥ ትሰቀልና በ5 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደ ራሰች ይታያል። 5 ሚሊሜትር እንኳ ካልራሰች ድርቀቱ ጽኑ ነው። በ1933 ደግሞ ሄንሪክ ሾግሬን የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም ዐይንና አፍን በአንድነት ስለሚያደርቅ በሽታ ትልቅ ጥናት ጻፈ፤ በሽታውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የደጋው ዐይን የሚደርቅበት ምክንያት

በሀብታሞቹ አገሮች የዐይን ድርቀት ሲነሣ የሚጠቀሱት ምክንያቶች እርጅና፥ የሾግሬን በሽታ፥ ዘወትር በኮምፒዩተር ፊት መቀመጥና ይህን የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ በጎንደር ከተማም አይታጡም። በደጋው ገጠር ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

በመጀመሪያ አየሩ አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከእርሷ ወደ ሰሜን በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ዳሸንን ያያል። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ብርቱ፥ በበጋም ነፋሱ ደረቅና አቧራማ ነው። ሁለተኛም ጭስ አለ። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ እንጨትና ኩበት አንድዳ እንጀራ የምትጋግር ሴት ዐይኗ ከጭስ አያርፍም። እነዚህ ሁለቱ ዐይንን ያስቸግራሉ እንጂ ብቻቸውን ብርሃን አያጠፉም። ብርሃን የሚያጠፉት ግን የሚከተሉት ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው ሕዝቡ የዐይን ማዝ የሚለው ትራኮማ ነው። ይህ በሽታ ከሕፃን ወደ ሕፃን በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ዝንቡን የሚጠራው በሕፃኑ ፊት ላይ ያለው ዐይናር ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው የዐይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሳል። ጠባሳውም ሁለት ነገር ያደርጋል። በአንድ ወገን ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቀዋል። በሌላ ወገን ዝልግልጉን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋል፥ የዕንባውን መውጫ ቧንቧዎችም ይዘጋል። ስለ ተቀለበሰው ጸጉር ብዙ ሲጻፍ ስለ ድርቀቱ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሚፋቅ ብሌን ዕንባ ባይጐድልበት ኖሮ ቍስሉ ፈጥኖ በዳነ ነበር፤ ድርቀትና ፍትጊያ ሲተባበሩ ነው ብሌኑ ነጭ ሆኖ የሚቀረው።

የበሽታው ብዛት ምን ያህል እንደ ነበረ በ2005 እና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት ያስረዳናል። በዚያን ጊዜ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል ከመቶ 62.6 ያህሉ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ሽፋሽፍታቸው ከተቀለበሰባቸው ዐዋቂዎች ብዛትም ክልሉ ከመቶ 5.2 በመሆን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ሴቶች ሕፃናትን የሚያሳድጉ በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ ይጠቁበታል።

ሁለተኛው የምግብ ጕድለት ነው። ቀን ደኅና እያየ ጀንበር ስትጠልቅ የማያይ ሰው ዳፍንት ያዘው ይባላል። ይህ የቪታሚን ኤ ማነስ የመጀመሪያ ምልክት ነው። በሽታው ሲብስ የዐይን ነጩ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል፥ አረፋ የመሰለ ነጥብ ይወጣበታል፤ ከዚያም ብሌኑ ቀልጦ ሕፃኑ ይታወራል። በሐኪሞች ቋንቋ ዜሮፍታልሚያ ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጕሙም በቀጥታ ደረቅ ዐይን ማለት ነው።

የቀድሞ ሰዎች መድኃኒት

ሕዝቡ ይህን ሁሉ እያየ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጎንደር አካባቢ የዐይን ሕመም ያለበት ሰው ጠበል መሄዱ፥ ፊቱንም በጠበል መታጠቡ ጥንታዊ ልማድ ነው። ሴቶች በመኳያ ኩል ይኳላሉ፤ ይህም ለውበት ብቻ ሳይሆን ዐይንን ይጠብቃል ተብሎ ጭምር ነው። ሕፃን ዐይኑን ሲያመው እናት የጡቷን ወተት ጠብ ታደርግበታለች። ሽፋሽፍት ሲቀለበስ ደግሞ ሴቶች በአንገታቸው አንጠልጥለው በሚይዙት ወረንጦ ይነቅሉታል።

ስለነዚህ ነገሮች ስንጽፍ ሁለት ዐይነት ስሕተት እንዳይደርስብን መጠንቀቅ አለብን። የመጀመሪያው የጥንቱን ሁሉ ድንቍርና ነው ብሎ መናቅ ሲሆን፥ ሁለተኛው የጥንቱን ሁሉ ጥበብ ነው ብሎ ማጽደቅ ነው። ወረንጦ ለጊዜው ይጠቅማል፤ የተቀለበሰው ጸጉር ሲነቀል ብሌኑ ያርፋል፥ ነገር ግን ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፥ ተሰብሮ የቀረውም ይበልጥ ይወጋል። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዘው ነው። ንጽሕናው ያልተጠበቀ ነገር በቈሰለ ዐይን ላይ መጨመር ግን፥ ወተትም ይሁን የቅጠል ጭማቂ፥ ቍስሉን ያመረቅዛል።

የሰውነት ፈሳሽ ዐይንን ይፈውሳል የሚለው ሐሳብ በሌላውም ዓለም የኖረ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በምናነበው ባለ 66 መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መጽሐፈ ጦቢትን አናገኘውም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናችን 81 መጻሕፍት ውስጥ ግን ይቈጠራል። በዚያ መጽሐፍ ጦቢት ዐይኑ ነጭ ሽፋን ለብሶ እንደ ታወረና ልጁ ጦብያ በዓሣ ሐሞት እንደ ፈወሰው ተጽፏል። በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ይህ ታሪክ ሲነበብና ሲተረጐም ኖሯል። በእነዚያ ጉባኤ ቤቶች ብሉይን፥ ሐዲስን፥ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አራቱን ጠንቅቆ ያወቀ መምህር አራት ዓይና ይባል ነበር። የዕውቀት ማዕርግ በዐይን መሰየሙ ሕዝቡ ለዐይን የሚሰጠውን ክብር ያሳያል። ደግሞም ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎች በቃል ትምህርት ጸንተው ቅኔና ዜማ ያስተምሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ይህም ቤተ ክህነቱ ለዐይነ ስውር ከልመና ሌላ የመኖሪያ መንገድ ከፍቶለት እንደ ነበር ያስረዳል።

የውጭ አገር ሕክምናም ወደ ጎንደር የመጣው ዘግይቶ አይደለም። ሻርል ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በሐምሌ 1699 ጎንደር ገብቷል። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በእቴጌ ምንትዋብ ቍስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር የቤተ መንግሥቱን ልጆች አስታሟል። ሁለቱም የታከሙላቸው ሰዎች የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ። ሕክምናው ከግንቡ ቅጥር ወጥቶ ወደ ደጋው ገበሬ ለመድረስ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ አዲስ መድኃኒት በመጣ ቍጥር ለማን ይደርሳል? የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣልና።

ስለ ቅቤና ስለ ክፉ ቀን

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዴንማርክ የሆነ አንድ ነገር ለእኛ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። ዴንማርክ ብዙ ከብት ያላት አገር ስትሆን ቅቤዋን ለውጭ አገር ትሸጥ ነበር፤ የድኾች ልጆች ግን ቅቤው የወጣለትን ወተትና ማርጋሪን ይመገቡ ነበር። ካርል ብሎክ የተባለው ሐኪም የእነዚህ ልጆች ዐይን እየደረቀ መታወሩን ተመለከተ። የባሕሩ መንገድ በጦርነቱ ተዘግቶ ቅቤው በአገር ውስጥ ሲቀርና ለሁሉም በራሽን ሲታደል በሽታው ጠፋ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1913 ማኮለምና ዴቪስ የተባሉ አሜሪካውያን በቅቤና በእንቍላል አስኳል ውስጥ ያለውን፥ ኋላ ቪታሚን ኤ የተባለውን ነገር አግኝተው ነበር።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ክፉ ቀን የጀመረው ከብት በጨረሰው ደስታ በሽታ ነው። በጥር 1888 ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው አብያተ ክርስቲያናቷን ዘርፈው ነበር፤ በዚያ ላይ የከብቱ እልቂት ተጨመረ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ላም ስታልቅ ደግሞ ወተትና ቅቤ ጠፋ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ረኀቡና ስለ ሞቱ ጽፈዋል። ከዴንማርኩ ምሳሌ ተነሥተን ስንመለከተው ግን እንደዚህ ባለው ዘመን ከሞት የተረፈው ሕፃን ዐይኑን ይዞ ለመትረፍ ይቸገር እንደ ነበር ማሰብ ተገቢ ነው። ለደጋው ልጅ ከጎመንና ከወተት በቀር ይህን ቪታሚን የሚሰጠው ምግብ ጥቂት ነበርና። ዛሬ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው የቪታሚን ኤ ጠብታ የዚህ ረጅም ታሪክ መልስ ነው።

ከ1954 ወዲህ የሆነው

በ1953 በደምቢያ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ይህ መከራ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። ኮሌጁ በ1954 በመንግሥት፥ በዓለም ጤና ድርጅት፥ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ሥራ ሲጀምር ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ነው። በጎንደር ትምህርት የጕድጓድ ውኃና የመጸዳጃ ጕዳይ ከመርፌና ከክኒን እኩል ክብር ነበረው። ኮሌጁ በ1978 የሕክምና ፋኩልቲ ተጨምሮለት፥ በ2004 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል፤ የዐይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከልም አለው።

በዚያው ዘመን ስለ ትራኮማ ያለው ዕውቀት አደገ። በ1907 ሁለት ተመራማሪዎች በጃቫ ደሴት ከሕመምተኞች ዐይን በተወሰደ ናሙና ውስጥ የበሽታውን ምልክት በማይክሮስኮፕ አይተው ነበር፤ ነገር ግን ተሐዋስያኑን ለይቶ በእንቍላል ውስጥ ያሳደገው በ1957 ታንግ ፌይፋን የተባለው ቻይናዊ ነው። በ1990ዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው አዚትሮማይሲን ለብዙ ሳምንት የሚቀባውን የቴትራሳይክሊን ቅባት ተካው። የዓለም ጤና ድርጅትም አራት ነገሮችን ያጣመረ ሥርዐት አወጣ፤ እነርሱም የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቅናት፥ መድኃኒት ማደል፥ ፊትን መታጠብና አካባቢን ማጽዳት ናቸው። በአማራ ክልል ይህ ሥራ በካርተር ማዕከልና በላየንስ ክለቦች ርዳታ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ተስፋፋ፤ ከ2008 ጀምሮም በየጊዜው በዘመቻ ለብዙ ሚሊዮን ሰው መድኃኒት ታደለ። የበሽታው ብዛት ከቀድሞው በእጅጉ ቀንሷል፤ ሆኖም ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀረ ለማለት በሕፃናት ላይ ከመቶ 5 በታች መውረድ አለበት፥ በብዙ ወረዳዎችም ይህ ገና አልተፈጸመም። ከ2020 ወዲህ የተነሣው የሰሜኑ ጦርነትና ከ2023 ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ሥራውን በየቦታው አስተጓጕለውታል።

ከሁሉም በላይ ግን መድኃኒቱ ተሐዋስያኑን ይገድላል እንጂ ጠባሳውን አይመልስም። በልጅነቷ የታመመች የዛሬዋ ባልቴት ቆቧ በቀዶ ሕክምና ቢቀና እንኳ ዕንባዋ ተመልሶ አይመጣላትም። የሴረም ጠብታ ጥያቄ የሚነሣው እንግዲህ ለእርሷና እርሷን ለመሰሉ ሰዎች ነው።

የሴረም ጠብታ ታሪክና አሠራር

ደም በብልቃጥ ተቀምጦ ሲረጋ ቀዩ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ውኃ ይቀራል። ይህ ሴረም ይባላል። በ1975 ራልፍ፥ ዶንና ዶልማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ለጽኑ ሕመምተኞች ሴረምን ወደ ዐይን በሚያደርስ ትንሽ መሣሪያ ሞከሩ። በ1984 ፎክስና ባልደረቦቹ የሾግሬን ድርቀት ላለባቸው ሰዎች ከራሳቸው ደም ጠብታ ሠርተው መጥቀሙን ጻፉ። በ1999 ደግሞ ጹቦታ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሴረም ለምን እንደሚጠቅም አብራራ፤ በሴረም ውስጥ እንደ ዕንባ ሁሉ ቪታሚን ኤና የቈሰለ ሽፋን እንዲበቅል የሚያደርጉ ነገሮች ይገኛሉ። ሰው ሠራሽ ዕንባ የተባለው የመድኃኒት ቤት ጠብታ ግን ዐይንን ያረጥባል እንጂ እነዚህን አይሰጥም።

አሠራሩ በጥቂቱ እንዲህ ነው። የበሽተኛው ደም አስቀድሞ ከኤች አይ ቪ፥ ከጕበት ቫይረሶችና ከቂጥኝ ነጻ መሆኑ ይመረመራል። ከዚያ ደሙ ተቀድቶ ሁለት ሰዓት ያህል እንዲረጋ ይተዋል፤ በማሽከርከሪያ ማሽን ሴረሙ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 20 እጅ እንዲሆን ከተሐዋስያን በጸዳ የጨው ውኃ ይቀጠናል፤ በንጹሕ ጠርሙሶችም ይሞላል። ማቈያ ኬሚካል ስለማይገባበት ጠርሙሶቹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በረዶ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የተከፈተው ጠርሙስ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ይያዛል፥ በዐጭር ጊዜም ውስጥ ያልቃል። በሽተኛው በቀን ስድስትና ስምንት ጊዜ ጠብ ያደርጋል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? በ2017 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 92 ሰዎች የተሳተፉባቸውን አምስት ጥናቶች መርምሮ፥ ባለ 20 እጁ ሴረም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሕመምተኛውን ስሜት ሊያሻሽል እንደሚችል፥ ከዚያ በኋላ ግን ከሰው ሠራሽ ዕንባ መብለጡ እንዳልተረጋገጠ ጽፏል። ስለዚህ ሴረም ተአምር አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልተሳካለት ጽኑ ሕመምተኛ የሚሰጥ ርዳታ ነው።

ለጎንደር ምን ይበጃል?

የዚህን ሕክምና ዕቃዎች አንድ በአንድ ስንቈጥራቸው ለአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሚከብዱ አይደሉም፤ የደም መርማሪ፥ ማሽከርከሪያ፥ ንጹሕ ክፍልና ማቀዝቀዣ ናቸው። በጎንደር ተኝተው ለሚታከሙ፥ ብሌናቸው ቈስሎ አልድን ላለባቸውና በኖራ ወይም በኬሚካል ለተቃጠሉ ሰዎች ቢዘጋጅ መልካም ነው ብለን እናስባለን። በምኒልክ ሆስፒታል ለሚደረገው የብሌን ንቅለ ተከላም ቢሆን ደረቅ ዐይን ዋና እንቅፋት ነው፤ በደረቀ ዐይን ላይ የተተከለ ብሌን ብዙ ጊዜ ይከሽፋልና።

ሆኖም ከጃናሞራ ለመጣችው ባልቴት ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ጠርሙሶቹን ወደ ቤቷ ይዛ ብትሄድ በምን ታቀዘቅዛቸዋለች? ሴረም ለሰው ሕዋስ ምግብ እንደ ሆነ ሁሉ ለተሐዋስያንም ምግብ ነው፤ የሞቀና የቆየ ጠብታ በደረቀ ዐይን ላይ ቢወርድ ብሌኑን ሊያጠፋው ይችላል። በዚህም ምክንያት ማንም ሰው ደም አስቀድቶ በቤቱ እንዲሠራው መፈቀድ የለበትም። ሁለተኛም ሴረም የሚጠቅመው በውስጡ ባለው ሀብት ነው። ምግብ የጐደለው ሕፃን ደሙም ቪታሚን ኤ የጐደለው ነው፤ ስለዚህ ዐይኑ በዳፍንት ለደረቀ ልጅ የራሱ ደም አይበቃውም፥ መድኃኒቱ በአፉ የሚሰጠው ቪታሚንና በሳሕኑ ላይ የሚቀመጠው ምግብ ነው።

እንግዲህ ለደጋው የምናቀርበው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የተቀለበሰው ሽፋሽፍት በጤና ጣቢያ ይቃና። ቀጥሎ ሰው ሠራሽ ዕንባ በጤና ጣቢያዎች የማይታጣና በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ይሁን፤ እርሱ በረዶ አይፈልግምና። ከዚህ በኋላ ያልዳነው ወደ ጎንደር ይላክ፥ በዚያም ሴረም ይሰጠው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውኃ ይቅደም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ለዚህ አገር የተነገረ ይመስላል። ከስሜን ተራሮችና ከጣና ዙሪያ የሚነሣው ውኃ ወደ ሩቅ አገር ሲፈስ፥ የደጋው እናት በእንስራ ተሸክማ ያመጣችውን ውኃ ለመጠጥና ለወጥ አብቃቅታ ለልጇ ፊት የሚተርፋት ጥቂት ነው። የዛሬ ልጅ ፊት በየዕለቱ ቢታጠብ ከአምሳ ዓመት በኋላ ሴረም የሚፈልገው ሰው ቍጥር ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የዐይን ድርቀት አብዛኛው ከትራኮማ ጠባሳና ከምግብ ጕድለት የመጣ ነው፤ ሁለቱም የድህነት ልጆች ናቸው። የቀድሞ ሰዎች በጠበል፥ በኩልና በወረንጦ ታገሉት፤ የፖንሴና የብሩስ ዘመን ሕክምና ከግንቡ አልወጣም፤ የ1954ቱ ኮሌጅ ግን ሕክምናን ወደ ገጠር የማውጣት መንገድ ጠረገ። የሴረም ጠብታም ወደ ጎንደር ሲገባ የሚፈረድበት በአሠራሩ ረቂቅነት አይደለም፤ ከግንቡ ደጅ ውጭ ላለችው ሴት በመድረሱ ወይም ባለመድረሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያላነሣናቸው ብዙ ነገሮች አሉ። ከንባብ ጓደኞቻችን መካከል የሕክምና ተማሪዎች በሺርመር ወረቀት የደጋውን ሕመምተኞች ቢለኩ፥ የታሪክ ተማሪዎችም ስለ ዳፍንትና ስለ ዐይን ማዝ በየአውራጃው የሚነገረውን ቢሰበስቡ፥ እኛ የጀመርነው ሥራ በሚገባ ይሟላል። መምህራኖቻችንም ጕድለታችንን እንዲያርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።